አንድን መልአክ በተለያየ ስልት መሣል፦ ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ መጨረሻው ድርብ

«መልአክ» የሚለው ቃል ከ«ላከ» የመጣ ነው፤ የተላከ፣ መልእክተኛ ማለት ነው። ቃሉ ራሱ ስለ ክንፍም ሆነ ስለ አክሊለ ብርሃን የሚለው ነገር የለም። ነቢዩ ኢሳይያስ ሱራፌልን ባለ ስድስት ክንፍ ሆነው አይቷቸዋል፤ መልእክት ይዘው ሰው ዘንድ የሚመጡት ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሰው መስለው ነው የሚታዩት። ሮም ውስጥ በጵርስቅላ የመቃብር ዋሻ ያለው ጥንታዊ የብሥራት ሥዕልም መልእክተኛውን ያለ ክንፍ፣ ቀሚስ እንደ ለበሰ ተራ ወጣት አድርጎ ያሳየዋል። በክርስቲያናዊ ሥዕል ክንፍ እየተለመደ የመጣው ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ወዲህ ሲሆን፣ ቅርጹ ግሪኮችና ሮማውያን ድልን ከሚወክሉባት ባለ ክንፍ ሴት ብዙ ወስዷል።

ስለዚህ ክንፉን ጨምሮ በመልአክ ሥዕል ላይ የምታዩት ሁሉ አንድ ሠዓሊ አስቦበት የወሰነው ነው። የጀማሪ ሥራ የሚበላሸው ይህ ውሳኔ ሲዘለል ነው፦ ቆንጆ ሰው ይሣላል፣ ጀርባው ላይ ሁለት ክንፍ ይለጠፋል፣ «አይኮን» (በእንጨት ሰሌዳ ላይ የሚሣል ቅዱስ ሥዕል) እንዲመስል ወርቅ ይቀባበታል፣ «ባሮክ» (በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ የነበረ የብርሃንና የጨለማ ስልት) እንዲመስል ጥቁር ይደፋበታል። እዚህ አንድ ንድፍ ይዘን በስድስት ስልት እንሄድበታለን፤ በየስልቱም ምን እንደሚለወጥና ለምን እንደሚለወጥ እናያለን።

ብሩሽ ከመንከር በፊት

ለእያንዳንዱ ስልት ሦስት ጥያቄ መልሱ። መልሱን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ከሥራችሁ ፊት ለጥፉት።

አንደኛ፣ ይህ አካል ክብደት አለው? እግሩ መሬት ይጫናል ወይስ አይጫንም? ሁለተኛ፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ከመስኮት፣ ከመልአኩ ከራሱ ወይስ ከኋላው ካለው ወርቅ? ሦስተኛ፣ ክንፉ ምንድን ነው? አጥንትና ላባ ያለው የወፍ አካል ነው፣ ምልክት ነው ወይስ የቀለም መስክ?

በአይኮን መልሱ እንዲህ ይሆናል፦ ክብደት የለውም፤ ብርሃኑ ከወርቁ ነው፤ ክንፉ ምልክት ነው። በባሮኩ ሠዓሊ በካራቫጆ፦ ይከብዳል፤ ብርሃኑ ከአንድ ጎን ይገባል፤ ክንፉ የወፍ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ክልክል አይደለም፤ ግን ፊቱን በወርቅ ብርሃን፣ ልብሱን በመብራት ጥላ ከሠራችሁት ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ጭንቅላቱ ከሌላ ሥዕል ተቆርጦ የመጣ ይመስለዋል። የምትደባልቁ ከሆነ ቢያንስ የብርሃኑ መልስ አንድ ይሁን።

የጋራው ንድፍ

30 በ40 ሳ.ሜ ወረቀት ውሰዱ። መልአኩ ቆሞ፣ በከፊል ወደ ጎን ዞሮ፣ ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በግራው በትር ይዞ ይሁን። ቁመቱን 30 ሳ.ሜ፣ ራሱን 4 ሳ.ሜ አድርጉ፤ ይህም ሰባት ራስ ተኩል የሚሆነው የተፈጥሮ ምጣኔ ነው። ከላይና ከታች ለክንፉና ለህዳጉ 10 ሳ.ሜ ይተርፋችኋል።

ብዙ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ ክንፉ ላይ ነው። የወፍ ክንፍ እንደ ሰው ክንድ ሦስት ክፍል አለው፦ የላይኛው ክንድ፣ የታችኛው ክንድና እጅ። መጀመሪያ ላባውን እርሱትና እነዚህን ሦስት አጥንቶች እንደ ተጣጠፈ መስመር ሣሉ። መነሻው ጀርባ ላይ ካለው ሰፊ የትከሻ አጥንት የውስጥ ጠርዝ፣ ከአከርካሪው ሁለት ጣት ያህል ርቆ ነው። ከትከሻው ጫፍ ከጀመራችሁት ክንፉ የልብስ ጌጥ ይመስላል፤ ከብብት አጠገብ ከጀመራችሁት ደግሞ ክንዱ መንቀሳቀስ የማይችል ይሆናል። ታጥፎ ሲቀመጥ የክንፉ አንጓ እስከ ጆሮ ይወጣል፤ ጫፉም በጉልበትና በቁርጭምጭሚት መካከል ይወርዳል። በእኛ ንድፍ ይህ 22 ሳ.ሜ ገደማ ይሆናል። ከዚህ ያነሰ ክንፍ ያን አካል የሚያነሳ አይመስልም።

ላባው በሦስት ረድፍ ይቀመጣል፦ ከላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያሉ ትንንሾች፣ ቀጥሎ መካከለኞች፣ ከታች ረጃጅሞቹ። ረጃጅሞቹም ሁለት ወገን ናቸው። «እጁ» ላይ የበቀሉት በአብዛኞቹ ወፎች አሥር ያህል ሲሆኑ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ፤ «ክንዱ» ላይ ያሉት ግን አጠር ብለው ጎን ለጎን ይተኛሉ። ሁሉንም ከአንድ ነጥብ እንደ ጨረር ካወጣችኋቸው የዘንባባ ቅጠል ይሆኑባችኋል። አደራረባቸውም ሥርዓት አለው፤ ክንፉን ከላይ ስታዩት ወደ አካል የቀረበው ላባ ውጭ ያለውን ይሸፍናል። ይህን የሚስቱ ብዙ ናቸው፤ የወፍ ክንፍ በቅርብ ያየ ሰው ግን ወዲያው ያውቅባችኋል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1472 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሣለው ብሥራት ላይ የገብርኤልን ክንፍ ከእውነተኛ ወፍ አጥንቶ አጭርና ጠንካራ አድርጎ ሠርቶት ነበር፤ በኋላ ሌላ እጅ አስረዘመው፤ ዛሬ ፍሎረንስ በኡፊዚ ሙዚየም ሲታይ የተጨመረው ክፍል ከአጥንቱ ጋር እንዳልተስማማ ይታወቃል።

ንድፉ ሲያልቅ ንጹሑን መስመር በሚያሳይ ስስ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ወደ ሸራና ሰሌዳ ስታስተላልፉ የስሱን ወረቀት ጀርባ በደረቅ ቀይ አፈር ቀለም አሽታችሁ በላዩ ተከተሉ። የቢሮ ካርቦን ወረቀት አትጠቀሙ፤ መስመሩ ከቀለሙ ስር ዘልቆ ሊወጣ ይችላል።

አይኮን፦ ከጨለማ ወደ ብርሃን

ሰሌዳ። 2 ሳ.ሜ ውፍረት ያለው ደረቅ እንጨት ይሻላል። 1 እጅ የቆዳ ሙጫ በ12 እጅ ውሃ ሌሊቱን ዘፍዝፉ፤ በማግሥቱ ዕቃውን በሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ አሟሙት። አይፍላ፤ የፈላ ሙጫ ጉልበቱን ያጣል። አንድ ጊዜ ሰሌዳውን ሙጫ ብቻ ቀቡትና ይድረቅ። ከዚያ በቀረው ሙጫ ላይ የተነፋ ጠመኔ ዱቄት ቀስ እያላችሁ ነስንሱ፤ ወፍራም ክሬም ሲመስል ይበቃል። ስምንት ድርብ ቀቡ፤ አንዱን በቁመት፣ ቀጣዩን በወርድ። ሲያልቅ በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። በላዩ የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ነጥቦች ከታዩ ድብልቁን በኃይል ስላማሰላችሁት አየር ገብቶበታል ማለት ነው። ከተሰነጣጠቀ ሙጫው በዝቷል፣ ወይም የላይኛው ድርብ ከታችኛው ጠንክሯል። ከሱቅ የሚገዛው አክሪሊክ ጌሶ (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ነጭ መሠረት) ለእንቁላል ቀለም አይሆንም፤ በቂ ስለማይመጥ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ሊላቀቅ ይችላል።

የራሱ ስፍር። በባይዛንታይን (በጥንቱ የምሥራቅ ሮም ግዛት) ሥርዓት መለኪያው የአፍንጫ ርዝመት ነው። የኮምፓሱን እግር በሁለቱ ዓይኖች መካከል፣ በአፍንጫው ሥር አሳርፋችሁ ሦስት ክብ አዙሩ። የመጀመሪያው ክብ ከመሐል እስከ ጠርዙ አንድ አፍንጫ ሲሆን ግንባርና ጉንጩን ይይዛል፤ ሁለተኛው ሁለት አፍንጫ ሆኖ ጠጉሩንና አገጩን ይወስናል፤ ሦስተኛው ሦስት አፍንጫ ሆኖ አክሊለ ብርሃኑን ይሠራል። አፍንጫው 1.5 ሳ.ሜ ቢሆን ክቦቹ 1.5፣ 3 እና 4.5 ሳ.ሜ ይሆናሉ ማለት ነው። ለዚህ ስልት የጋራውን ንድፍ በቁመት ሳቡት፤ አካሉ ዘጠኝ ራስ ያህል ይድረስ። እግሮቹ ጣቶቻቸውን ወደ ታች ያዘንብሉ፤ ስራቸው ጥላ አይኑር። ክብደቱን የሚያጠፋው ይህ ነው።

ወርቅ። ከቀለሙ በፊት ይገባል፤ ምክንያቱም ወርቅ ቅጠል ትኩስ ቀለም ላይ ይለጠፋል። የወርቅ ማጣበቂያ ዘይት በስሱ ቀቡና እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 12 ሰዓት ጠብቁ። የጣታችሁን አንጓ አስጠግታችሁ ሞክሩት፤ ያዝ አድርጎ ከለቀቀና ጣታችሁ ላይ ምንም ካልቀረ ደርሷል። ፈጥናችሁ ከጣላችሁት ወርቁ ይሰምጥና ይደበዝዛል፤ ከዘገያችሁ ደግሞ አይዝም።

ቀለም። የእንቁላሉን አስኳል ከነጩ ለዩ፤ በወረቀት ላይ አንከባላችሁ አድርቁት፤ ስሱን ሽፋን ወግታችሁ ውስጡን ብቻ አፍስሱ። እኩል ውሃና ሁለት ጠብታ ኮምጣጤ ጨምሩ። የቀለሙን ዱቄት በውሃ ሊጥ አስመስላችሁ ከዚህ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅሉ። መስታወት ላይ ጥቂት ቀብታችሁ ሲደርቅ በስለት ብትፍቁት እንደ ስስ ልጣጭ መነሳት አለበት፤ ዱቄት ከሆነ አስኳል ጎድሎታል፤ ከተጣበቀና ካብለጨለጨ በዝቶበታል።

ፊት። መሠረቱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፦ ቢጫ ኦከር (ቢጫ የአፈር ቀለም)፣ ጥቂት ጥቁር፣ ካለ አረንጓዴ አፈር። ፊቱን በሙሉ ሸፍኑት። ከዚያ ኦከር ላይ ነጭና የቀይ ፍንጭ እየጨመራችሁ ሦስት እርከን ውጡ። እያንዳንዱ እርከን ከታችኛው ያነሰ ቦታ ይይዛል፦ ግንባር፣ ጉንጭ፣ የአፍንጫ ጀርባ፣ አገጭ። በመጨረሻ ፀጉር በመሰለ ብሩሽ ጥቂት ንጹሕ ነጭ መስመሮች ከዓይን ስርና ከቅንድብ በላይ። ጥላ አልሣላችሁም፤ ጥላው ሳይነካ የቀረው የታችኛው ቀለም ነው። ብርሃን ከግራ ወይም ከቀኝ አይመጣም፤ ሁለቱም ጉንጮች ይበራሉ።

ክንፉን በቡናማ ሙሉ ቀቡና በላዩ ቀጫጭን ትይዩ የወርቅ መስመር አስምሩ። እያንዳንዱን ላባ ማውጣት እዚህ ስህተት ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሩሲያዊው አንድሬይ ሩብልዮቭ የሣለውን የሥላሴ አይኮን በደንብ ብታዩት የሦስቱ መላእክት ክንፍ ሊነካካ ምንም አይቀረውም፤ ከትከሻቸውና ከራሳቸው ዘንበል ማለት ጋር ሆኖ አንድ ክብ ይሠራል። ክንፉ እዚያ የሚሠራው መብረሪያ ሆኖ ሳይሆን ሦስቱን አንድ የሚያደርግ መስመር ሆኖ ነው።

ሱራፌል መሣል ከፈለጋችሁ የኢሳይያስ ምዕራፍ 6 ቃል ራሱ ንድፉን ይሰጣችኋል፦ በሁለቱ ፊታቸውን፣ በሁለቱ እግራቸውን ይሸፍናሉ፣ በሁለቱ ይበርራሉ። ፊቱን መሐል አድርጉ፤ ሁለት ክንፍ ከላይ ተጠላልፎ ይቁም፣ ሁለት ከታች ተጠላልፎ ይውረድ፣ ሁለት ወደ ጎን ይዘርጋ። መጀመሪያ የጎኖቹን፣ ቀጥሎ የታቹን፣ መጨረሻ የላዩን ቀቡ፤ አለዚያ መደራረቡ ይዞርባችኋል።

የጎንደር ስልት፦ ዓይንና መስመር

በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ኪሩቤል በረድፍ በረድፍ ቁልቁል ያያሉ፦ ፊትና ክንፍ ብቻ። አካል ስለሌለ የክብደት ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሳም። ሙሉ ሥራው የሚቆመው በዓይኑና በመስመሩ ነው።

በነጭ ዳራ ላይ በቀጠነ ቀይ ቀለም ንድፉን በብሩሽ አውጡ። ከዚያ መስኮቹን ያለ ጥላ ሙሏቸው፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ክንፉን በሦስት የቀለም ሰቅ ክፈሉት፤ ላባው በሰቁ ላይ በሚሰመር መስመር ይታያል። ጥቁሩ መስመር ሁልጊዜ መጨረሻ ነው፤ በ30 ሳ.ሜ ሥራ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ ውፍረት ይበቃዋል፤ እጃችሁን ሳታነሱ በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። የሚንቀጠቀጥ መስመር የሚመጣው ከፍርሃት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ከወፈረ ቀለም ነው፤ ቀለሙን በውሃ አቅጥኑ።

በተፈጥሮ የፊት ስፋት አምስት ዓይን ያህል ነው። እዚህ ዓይኑን አግዝፉ፦ ፊቱ 10 ሳ.ሜ ቢሰፋ እያንዳንዱ ዓይን እስከ 3 ሳ.ሜ ይሂድ። ብሌኑን መሐል ላይ አታስቀምጡት፤ የላይኛውን ሽፋን ይንካ፣ ወደ አንድ ጎን ይዘንብል። መሐል ላይ የተንጠለጠለ ብሌን መልአኩን አሻንጉሊት ያደርገዋል። በዚህ ስልት ደጋጎች ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ክፉዎች ናቸው። ስለዚህ ንድፋችሁን «ለለውጥ ያህል» በጎን ብታዞሩት ትርጉሙን ገልብጣችሁታል። ብዙ ፊት በረድፍ ስትሠሩም አንዱን ቆርጣችሁ አትገልብጡ፤ እያንዳንዱን በእጅ ሣሉት፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይይ። ጣሪያውን ሕያው ያደረገው ይህ ጥቃቅን ልዩነት ነው።

ጆቶና ሕዳሴ፣ በአጭሩ

ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆቶ በ1305 ገደማ በፓዱዋ ስክሮቬኒ ጸሎት ቤት በሣለው የለቅሶ ትዕይንት ላይ መላእክቱ በሰማይ ላይ እንደ ሰው ያለቅሳሉ፤ አንዱ እጁን ይዘረጋል፣ አንዱ ፊቱን ይይዛል፣ ሌላው ጉንጩን ይቧጥጣል። ከወገባቸው በታች ግን አካላቸው እንደ ደመና ጭራ ይጠፋል። ግማሹ ይከብዳል፣ ግማሹ አይከብድም። ይህን ለመሥራት ልብሱን እስከ ወገብ በሙሉ ቀለም ጨርሱ፤ ከዚያ በታች ብሩሹን በጨርቅ አድርቃችሁ እርጥቡን ቀለም ወደ ሰማዩ ጎትቱት። እግር ሣሉና በኋላ አጥፉት ብትሉ የእግሩ ቅርጽ ይቀራል።

ከጆቶ በኋላ በመጡት የሕዳሴ ዘመን ሥራዎች ዋናው ለውጥ አክሊለ ብርሃኑ ላይ ነው፦ ጠፍጣፋ ክብ የነበረው ከራሱ ጋር የሚያዘነብል ሳህን ሆነ። ራሱ ወደ ላይ ሲያይ ክቡን ወደ ሞላላ ለውጡት፤ የሞላላው ረጅም ዘንግ ከዓይኖቹ መስመር ጋር ትይዩ ይሁን። ትይዩ ካልሆነ ባርኔጣው የተንሸራተተ ሰው ይመስላል።

ባሮክ፦ የሚከብድ መልአክ

ካራቫጆ በ1602 ቅዱስ ማቴዎስንና መልአኩን ሁለት ጊዜ ሥሏል። በአንዱ መልአኩ ከሽማግሌው ጎን ተጠግቶ እጁን ይዞ ያጽፈዋል፤ ይህኛው በ1945 በርሊን ውስጥ ስለ ጠፋ ዛሬ የምናውቀው በፎቶግራፍ ነው። በሁለተኛው፣ ሮም በሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ባለው፣ መልአኩ ከላይ ተንጠልጥሎ በጣቶቹ እየቆጠረ ይነግረዋል። አንድ ሠዓሊ፣ አንድ ታሪክ፣ ለክብደት ጥያቄ ሁለት መልስ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሳታዩ ይህን ክፍል አትጀምሩ።

ሞዴል አስቁሙ፤ ነጭ ጨርቅ አልብሱት። አንድ መብራት ብቻ ከግራ፣ ከራሱ በላይ፣ በ45 ዲግሪ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ይቁም፤ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ስቀሉ። የክፍሉን ሌላ መብራት ሁሉ አጥፉ። የክንፉንም ፎቶ ከዚያው አቅጣጫ በመጣ ብርሃን ፈልጉ፤ ፀሐይ ላይ የተነሳ የወፍ ፎቶ ከመብራት ፊት ጋር አይስማማም።

ሸራውን በርንት አምበር በተባለው ጥቁር ቡናማ የዘይት ቀለም፣ በተርፔንታይን አቅጥናችሁ በሙሉ ቀቡት። ገና እርጥብ እያለ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ብርሃን ያለበትን ቦታ ጥረጉ፦ ግንባር፣ ትከሻ፣ የተዘረጋው እጅ፣ የክንፉ አንጓ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ መላው ሥዕል በቡናማና በሸራው ነጣ ያለ ቀለም ይወጣል። ከሦስት ሜትር ሆናችሁ እዩት። ብርሃኑ ከሸራው ሩብ በላይ ከያዘ ቀንሱ። እዚህ ያልተስተካከለ በኋላ በቀለም አይስተካከልም።

በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ቀለም ጀምሩ። ጥቁሩን ከቱቦ አታውጡ፤ በርንት አምበርና አልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ) ቀላቅሉ፤ የቱቦ ጥቁር ብቻውን ጥላውን እንደ ቀዳዳ ያደርገዋል። ጥላው ስስ፣ ብርሃኑ ወፍራም ይሁን። የመጀመሪያው ድርብ በተርፔንታይን ብቻ፣ ሁለተኛው 1 እጅ የተልባ ዘይት በ2 እጅ ተርፔንታይን፣ የመጨረሻው እኩል በእኩል። ይህን ቅደም ተከተል ከገለበጣችሁት ላዩ ከታቹ ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ክንፉ ላይ የአንጓውን ጎባጣና አራት አምስት ላባ ብቻ አብሩ፤ ሌላው ወደ ጨለማው ይግባ። ካራቫጆ በ1597 ገደማ በሣለው «በስደት መንገድ ላይ ዕረፍት» መልአኩ ጀርባውን ሰጥቶን ቫዮሊን ይጫወታል፤ ዮሴፍ የዜማውን ወረቀት ይዞለታል። ክንፎቹ ጥቁር ናቸው፣ እንደ ወፍ ክንፍ፤ አካሉን የጠመጠመው ጨርቅ ግን ነጭ ነው። የጨርቁ ነጭነት የሚጮኸው ክንፉ ስለ ጨለመ ነው። ነጭ ክንፍ ከነጭ ልብስ ጋር በዚህ ስልት ሁለቱንም ይገድላል።

ሲደርቅ አንዳንድ ቦታ ደብዝዞ ከታየ ዘይቱ ሰምጧል፤ በጣም ስስ የተልባ ዘይት በጨርቅ አሹበትና ትርፉን ጥረጉ። ዘይት የነካውን ጨርቅ አጨማድዳችሁ አትጣሉ፤ ሲደርቅ ሙቀት ያመነጫል፣ በራሱ ሊነድም ይችላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። መስኮት ክፍት ይሁን።

ጎጋን፦ ቀለሙ ራሱ ሰማይ ሲሆን

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ጎጋን በ1888 «ከስብከቱ በኋላ የታየ ራእይ» ሲሥል ያዕቆብና መልአኩ የሚታገሉበትን ሜዳ ቀይ አደረገው። ጸሎት ላይ ካሉት ሴቶች የሚለያቸው ሸራውን በሰያፍ የሚያቋርጥ አንድ የዛፍ ግንድ ነው። ክንፉ ወርቃማ ቢጫ፣ ልብሱ ሰማያዊ። ብርሃን የሚወድቅበት አቅጣጫ መፈለግ እዚህ ከንቱ ድካም ነው።

ለዚህ አክሪሊክ ይመቻል። መጀመሪያ የምትወስኑት የዳራውን ቀለም ነው፤ የመልአኩ ቀለም በእርሱ ላይ ተመሥርቶ ይመረጣል። ከአምስት ቀለም አትለፉ። እያንዳንዱን ለሁለት ድርብ የሚበቃ አድርጋችሁ በአንዴ ቀላቅሉ፤ መሐል ላይ ካለቀባችሁ ያንኑ ቀለም ደግማችሁ አታገኙትም። ጠርዙን በፕሩሲያ ሰማያዊ በ3 ሚ.ሜ መስመር ዝጉ። ከጨረሳችሁ በኋላ ሥዕሉን በስልክ በጥቁርና ነጭ አንሱ፤ ክንፉና ዳራው እኩል ግራጫ ከሆኑ፣ በቀለም ምንም ቢለያዩ ዓይን አይለያቸውም፤ አንዱን አንጡ ወይም አጥቁሩ።

ክሌ፦ የተላለፈ መስመር

በስዊዘርላንድ የተወለደው ሠዓሊ ፓውል ክሌ በ1920 የሠራው «አዲሱ መልአክ» 31.8 በ24.2 ሳ.ሜ ብቻ ነው። ራሱ ከአካሉ ይበልጣል፤ ጠጉሩ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ነው፤ ጥርሶቹ ተራርቀዋል፤ እጆቹ ተነስተው ክንፍ ሆነዋል፤ እግሩ የወፍ ነው። የመስመሩ ሻካራነትና በዙሪያው ያለው ጥላሸት የመሰለ እድፍ የመጣው ከአሠራሩ ነው፤ ያንን አሠራር መድገም ይቻላል።

ስስ ወረቀት ላይ ጥቁር የዘይት ቀለም በጣም በስሱ ዘርጉ። ጣት ሲያርፍበት ምልክት ብቻ እስኪተው ጠብቁ፤ ጊዜው እንደ ቀለሙና እንደ አየሩ ስለሚለያይ በየአሥር ደቂቃው ጠርዙን ሞክሩት። ቀለም የተቀባውን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ በንጹሕ የውሃ ቀለም ወረቀት ላይ አንጥፉ። በላዩ ንድፋችሁን አስቀምጡና በሹራብ መሥሪያ መርፌ ወይም በደረቀ ስክሪብቶ ተከተሉት። የምትጫኑት መስመር ወደ ታች ይተላለፋል፤ መዳፋችሁ ያረፈበትም እንደዚሁ። ንጹሕ ማድረግ የምትፈልጉት ቦታ ካለ እጃችሁን በማስመሪያ ላይ አሳርፉ፤ ግን ሁሉንም እድፍ አትፍሩ። ሉሁ በሙሉ ከጠቆረ ቀለሙ ገና እርጥብ ነበር፤ መስመሩ ከተቆራረጠ ዘግይታችኋል።

ሁለት ቀን አድርቁ። ከዚያ ቀጭን ቢጫና ቡናማ የውሃ ቀለም በሰፊ ብሩሽ አልብሱት። ዘይቱ ውሃውን ስለሚገፋ መስመሩ ሳይነካ ከመሐል ይወጣል።

ለዚህ ስልት የጋራውን ንድፍ እንዳለ አታስተላልፉት። ክንፍና እጅን አንድ አድርጉ፤ ራሱን እስከ ቁመቱ ሲሶ አግዝፉ፤ ከዚያ ሊቀነስ የሚችለውን መስመር ሁሉ ቀንሱ። ክሌ በ1939 እና በ1940፣ ታምሞ ሳለ፣ ብዙ መላእክት ሥሏል፤ ከእነርሱ አንዱ፣ ዝንጉው መልአክ፣ በጥቂት የእርሳስ መስመር እጆቹን አጣምሮ ዓይኑን ዝቅ ያደረገ ነው። አንድ መስመር ቢነሳለት ይጎድላል፣ ቢጨመርለት ይበዛል።

መልአኩ ላይ የሚደርሰው ሲለወጥ

ስልቱን ሳትነኩ ታሪኩን ብቻ መለወጥም ይቻላል። ፊንላንዳዊው ሠዓሊ ሁጎ ሲምበርግ በ1903 ሁለት ልጆች ዓይኗ በጨርቅ የታሰረ መልአክን በቃሬዛ ሲሸከሙ ሥሏል፤ ክንፏ ላይ ደም አለ፣ በእጇ ጥቂት ነጭ አበቦች ይዛለች፤ ከኋላ ያለው ልጅ ቀጥታ እኛን ያያል። አሳሣሉ ጸጥ ያለ እውነታዊ ነው፤ ሁሉን የለወጠው ክብደቷን ሌላ ሰው መሸከሙ ነው። በፔሩዋ ከተማ በኩስኮ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ ሠዓሊዎችም መላእክትን ዳንቴል አልብሰው ጠመንጃ አስይዘዋቸዋል፤ ልብሱ ላይ የወርቅ ጌጥ ጠፍጣፋ ሆኖ በእጥፋቱ ላይ ያልፋል። ይህን ስትሞክሩ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ዓይን ማሰርም፣ ጠመንጃም፣ የተሰበረ ክንፍም በአንድ ሸራ ከገቡ አንዳቸውም አይሰሙም።

ማድረቅና ማኖር

ስድስቱ ሥራዎች አንድ ዓይነት ጊዜ አይፈልጉም። የእንቁላል ቀለም በሰዓታት ይደርቃል፤ ለመጠንከር ግን ወራት ይፈልጋል፤ ከስድስት ወር በፊት ቫርኒሽ አትቀቡት፣ በጥፍርም አትንኩት። ወፍራም ነጭ ያለበት የባሮክ ሸራ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠብቅ፤ በጨለማ ቁም ሣጥን አትዝጉበት፤ የተልባ ዘይት በጨለማ ይቢጫል። አክሪሊኩ በጥቂት ቀን ውስጥ ቫርኒሽ ይቀበላል። በውሃ ቀለም የሠራችሁት የክሌ ወረቀት ቫርኒሽ አይፈልግም፤ ወረቀቱ መስታወቱን እንዳይነካ ዙሪያውን በወፍራም ካርቶን ከፍ አድርጋችሁ ከፀሐይ ርቆ ይሰቀል። ወርቅ የገባበትን አይኮን ደግሞ አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ አራግፉ፤ እርጥብ ጨርቅ ስር ያለውን ጠመኔ ያነሳዋል።